ሆን ብዬ የወደቅሁበት ፈተና

«መቼ ጀመረህ?» ብለው ለጠየቁኝ ሐኪሞች ሦስት የተለያየ መልስ ሰጥቻለሁ። ለመጀመሪያው «ባለፈው ክረምት» አልኩት። ለሁለተኛዋ «ልጅ ከወለድን በኋላ» አልኳት። ለሦስተኛዋ እውነቱን ነገርኳት፤ እዚያ ለመድረስ ግን ሁለት ዓመት ፈጀብኝ፣ በመሃሉም ልጄን ልገድላት ነበር። ይህን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ሰው «አይዞህ» ሲለኝ እበሳጫለሁ። መበሳጨቱ የሕመሙ ጠባይ ነው ይሉኛል፤ እናቴ ግን ድሮም እንዲሁ ነበር ትላለች። የምጽፈው እዚህ ሜልቦርን ምዕራብ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ሄልሜት አጥልቀው የሚጋጩ የኛ ልጆች እየበዙ ስለመጡ፣ ወላጆቻቸውም «ሄልሜት አድርጓል፣ ምን ይሆናል?» እያሉ ከዳር ቆመው ፎቶ ስለሚያነሱ ነው።

ስሜ ናሆም ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። ከአዲስ አበባ በዘጠኝ ዓመቴ ወጥቼ፣ ናይሮቢ ሦስት ዓመት ከእናቴ ጋር ስደተኛ ሆኜ፣ ከዚያ እዚህ ሜልቦርን ብሬብሩክ በሚባል ሰፈር በመንግሥት ቤት አደግሁ። ሯጭ ነበርኩ። ሐበሻ ስለሆንኩ ሁሉም ሰው ረጅም ርቀት እንድሮጥ ይጠብቅ ነበር፤ እኔ ግን ከመቶ ሜትር በላይ ሲሆን ይሰለቸኛል። አንድ ቀን ሰፈራችን ካለው ሜዳ ላይ የአሜሪካ ፉትቦል የሚጫወቱ ጎረምሶች አገኘሁ። አሰልጣኛቸው ስሮጥ አይቶ ኳሷን ወረወረልኝ፤ ያዝኳት። በሃያ አንድ ዓመቴ አሜሪካ ገብቼ እየተከፈለኝ መጫወት ስጀምር የማኅበራችን አዳራሽ ግድግዳ ላይ ፎቶዬ ተሰቀለ።

ጨዋታው እናንተ የምታውቁት እግር ኳስ አይደለም። የእናቴ ጎረቤት ጋሼ ታደሰ፣ በሱዳን በኩል የመጡ አዛውንት፣ ላስረዳቸው ስሞክር «ኳሱን በእጅ ከያዛችሁት እግራችሁ ምን ይሠራል?» አሉኝ። «ይሸሻል ጋሼ» አልኳቸው። ሥራዬ መቀበል ነበር። አንዱ ኳሷን ይወረውራል፤ እኔ ሃያ ሠላሳ ሜትር እንደ እብድ ሮጬ፣ ዞሬ፣ ወደ ላይ አንጋጥጬ እይዛታለሁ። ችግሩ ወደ ላይ ያንጋጠጠ ሰው ወደ ጎን አያይም። እጅህ ተዘርግቷል፣ ዓይንህ ኳሷ ላይ ነው፣ መቶ ኪሎ የሚመዝን ተከላካይ ደግሞ ባላየኸው በኩል በሙሉ ፍጥነት እየመጣ ነው። ከለቀቅሃት ፈሪ ትባላለህ፤ ከያዝካት ትመታለህ። ጥሩ ተቀባይ የሚባለው እንደሚመታ እያወቀ የሚይዘው ነው፤ እኔም ጥሩ ነበርኩ።

አራት ዓመት ቆየሁ። ሁለቱን ዓመት በልምምድ ቡድን ውስጥ ነበርኩ፤ ሳምንቱን ሙሉ ዋነኞቹን ተጫዋቾች እያለማመድን፣ የጨዋታው ቀን ቆመን የምናይ ማለት ነው። በቀሩት ሁለት ዓመታት ዘጠኝ ጨዋታ ገባሁ፣ አሥራ አንድ ኳስ ያዝኩ። ዕድሜዬን የጨረስኩበት ሙያ ተጠቅልሎ ሲታይ አሥራ አንድ ኳስ ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በየዓመቱ ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ሁላችንም ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠን እንፈተናለን። ቃላት ያሳዩሃል፣ ቆይተው የትኞቹን አይተህ እንደነበር ይጠይቁሃል። ቅርጾች ታስታውሳለህ። ቀይ ክብ ብቅ ሲል ቶሎ ትጫናለህ። ውጤቱ የጤነኛ አንጎልህ መነሻ ልክ ይሆንና፣ በኋላ ጭንቅላትህን ስትመታ እንደገና ፈትነውህ ከመነሻው ጋር ያስተያዩታል። ከወረደ ከሜዳ ትወጣለህ። ለኛው የታሰበ ዘዴ ነው። የመጀመሪያው ቀን ግን፣ ከኔ ቀድሞ የገባ አንድ ተቀባይ በሩ ላይ ትከሻዬን ይዞ «ቀስ በል» አለኝ። «ጎበዝ ሆነህ እንዳትገኝ። መነሻህ ዝቅ ካለ መቼም አትወድቅም።»

ቀስ አልኩ። ያየሁትን ቃል አላየሁም አልኩ። ክቡ ሲመጣ በልቤ ሁለት ቆጥሬ ተጫንኩ። ስወጣ ያ ልጅ ጠቀሰኝ፤ ተሳሳቅን። ሁላችንም እናደርገው ነበር ብል ማስተባበያ አይሆንልኝም፤ ግን ከጫፍ ላይ የቆምን ሰዎች ነበርን። አንድ ሳምንት ታምመህ ስትመለስ ቁምሳጥንህ ላይ የሌላ ሰው ስም ተለጥፎ ታገኛለህ።

ከዚያ በኋላ አራት ጊዜ ክፉኛ ተመታሁ። አንዴ ከወደቅሁበት ተነስቼ ሄጄ የተቃራኒ ቡድን ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ሳቁብኝ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሐኪሞች ይህን የአንጎል መናወጥ ይሉታል፤ አንጎል በራስ ቅል ውስጥ ተንጦ ከአጥንቱ ጋር ሲላተም ማለት ነው። አራቱንም ጊዜ ተፈተንኩ፣ አራቱንም አለፍኩ።

በሃያ አምስት ዓመቴ በስልክ አሰናበቱኝ። ሜልቦርን ተመልሼ ባለቤቴን ህሊናን አገኘሁ። ከአዲስ አበባ ለማስተርስ መጥታ የቀረች የመንገድ መሐንዲስ ናት፤ ስለ ኳሱ ምንም አታውቅም፣ በዚህም ወደድኳት። ተጋባን፣ ከከተማው ዳር ታርኔት አዲስ ከተሠሩት ቤቶች አንዱን ተከራየን፣ ማርያማዊት ተወለደች። እኔ ያራቪል አጠገብ በሚገኝ መጋዘን ፎርክሊፍት፣ ዕቃ የሚያነሳውን መኪና፣ እነዳ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ከአማተር ቡድን ጋር እጫወታለሁ፤ ምክንያቱም አሜሪካ ያለው ወኪሌ ካናዳ ውስጥ ተቀባይ የሚፈልግ ቡድን እንዳለ በየጥቂት ወሩ ይጽፍልኝ ነበር።

ሕመሙ ሲጀምር ሕመም አይመስልም ነበር። ሱፐርማርኬት ስገባ መብራቱ ዓይኔን ይወጋኛል። ፎርክሊፍቱ ላይ አንገቴን ወደ ኋላ ስመልስ ዓለም ከኔ ዘግይታ ትዞራለች። ማንኪያ የሚለው ቃል ይጠፋኝና «ያ የሾርባው» እላለሁ። ህሊና ትስቃለች፤ «አማርኛህ ሊያልቅ ነው» ትለኛለች። እንግሊዝኛውም እየጠፋኝ እንደሆነ አልነገርኳትም።

ጂፒ ጋ፣ ማለት የሰፈሩ ጠቅላላ ሐኪም ጋ፣ ቀጠሮ ይዛ የላከችኝ እሷ ናት። ደም ተመረመርኩና ቫይታሚን ዲ አጥሮሃል ተባልኩ። ሜልቦርን ያለ ሐበሻ ምን ብሎ ቢሄድ ቫይታሚን ዲ አጥሮታል፤ ቤታችን ውስጥ ሦስት ብልቃጥ ነበረ፣ አራተኛ ተጨመረ። ሁለት ወር ዋጥኩ። ቀጥሎ ዓይንህ ነው ተብዬ መነጽር አሠራሁ። ቀጥሎ ሳይነስ ነው ተባለና በአፍንጫዬ የሚነፋ መድኃኒት ተሰጠኝ። ቀጥሎ ድብርት ነው፣ ስፖርት ያቆሙ ሰዎችን ይይዛል ብለው ኪኒን አዘዙልኝ፤ እሱ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ እንድተኛ አደረገኝ። በመጠበቂያ ክፍሎች ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ሁሌም ቲቪው ያለ ድምፅ ይሠራል፣ ሁሌም ከጎኔ የሚያስል ሕፃን አለ፣ እኔም ሁሌ ከመብራቱ በታች ያልሆነ ወንበር እፈልጋለሁ።

«ጭንቅላትህን ተመትተህ ታውቃለህ?» ሁሉም ጠይቀውኛል። «አልፎ አልፎ፤ ግን ሁሌም ተፈትኜ ደህና ነህ ተብያለሁ» እል ነበር። በወረቀት እውነት ነው። ካናዳ ያለው ቡድን የሕክምና ታሪኬን ቢጠይቅ ያ ወረቀት ንጹሕ እንዲሆን እፈልግ ነበር።

እናቴ የራሷን ምርመራ ጨርሳለች። «የሰው ዓይን ነው» አለች። አንድ እሑድ ማኅበሩ አዳራሽ ገብታ፣ ሰው ሁሉ እያያት ወንበር ላይ ወጥታ ፎቶዬን ከግድግዳው አወረደችው። «ማን ስቀሉልኝ አላችሁ? ልጄን አስበላችሁት!» ብላ በሻሽ ጠቅልላ ይዛው ሄደች። ከዚያ ጠበል አመጣችልኝ፤ ጠጣሁ፣ ተጠመቅሁ። ሁለት ቀን ቀለል አለኝ፤ አልክድም። በሦስተኛው ቀን ማርያማዊት ብርጭቆ ጣለች፣ እኔም የወጥ ቤቱን ቁምሳጥን በር በቡጢ ሰነጠቅሁት። ልጄ ጆሮዋን ይዛ ከጠረጴዛው ሥር ገባች። ህሊና በጣም ዝግ ባለ ድምፅ «ናሆም፣ ውጣና አየር ውሰድ» አለችኝ። ወጥቼ አጥር ተደግፌ ቆምኩ፤ ምን እንደሆንኩ አላውቅም፣ ፈራሁ።

የካቲት ውስጥ ነው፤ እዚህ ሙቀቱ የሚያቃጥልበት የበጋው ጫፍ ነው። ህሊና ማለዳ ሳይት ላይ ስብሰባ ስለነበራት ማርያማዊትን ቻይልድኬር፣ የሕፃናት መዋያው፣ የማደርሰው እኔ ነበርኩ። ሁለት ዓመት ከስምንት ወሯ ነበር። ጫማዋን አሰርኩላት፣ ወንበሯ ላይ አሰርኳት፣ መንገድ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ቻይልድኬሩ ከባቡር ጣቢያው በፊት በስተግራ ይታጠፋል። አልታጠፍኩም። ጣቢያው መኪና ማቆሚያ ላይ አቁሜ፣ ቆልፌ፣ እንደ ወትሮው ወደ ሥራ የሚወስደኝን ባቡር ልጠብቅ ፕላትፎርም ላይ ወጣሁ።

ባቡሩ ዘገየ። እግዚአብሔር ባቡሩን አዘገየው ብዬ አምናለሁ፤ ማንም ምን ቢል ግድ የለኝም። ሃያ ደቂቃ ያህል እንደቆምኩ በድምፅ ማጉያ ተነገረ፤ አንዲት ነጭ መኪና ውስጥ ሕፃን አለች፣ ባለቤቱ ባስቸኳይ ይምጣ። ታርጋውን አነበቡት። ደግመው አነበቡት። እኔ ከአጠገቤ ወዳለው ሰው ዞር ብዬ «ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ የሚያደርግ?» አልኩት። የገዛ መኪናዬን ታርጋ ሁለቴ ሰምቼ አላወቅሁትም።

ሰዉ ሲሄድ ተከትዬ ሄድኩ፤ ለማየት። አንድ አናጺ በመዶሻው መስታወቱን ሰብሮታል። አንዲት የሕንድ ሴት መሬት ላይ ተቀምጣ ልጅ ታቅፋ፣ ከጠርሙሷ ውኃ አናቷ ላይ ታፈስላታለች። መጀመሪያ ያወቅሁት የልጅቷን ጫማ ነው። ያን ጠዋት እኔ ያሰርኩት ማሰሪያ ነበር። የጮህኩትን አላስታውስም፤ ሴትየዋ ግን ልጄን ልትሰጠኝ እንዳልፈለገች አስታውሳለሁ። እውነቷን ነው።

ማርያማዊት ሆስፒታል እስከ ማታ ድረስ ጉሉኮስ ተደርጎላት ዳነች። ለፖሊስ ትንፋሼን ሰጠሁ፤ መጠጥ የለበትም። በሳምንቱ ሁለት የሕፃናት ጥበቃ ሠራተኞች ቤታችን መጡ። ጨዋዎች ነበሩ። ከልጅቷ ጋር ብቻህን እንዳትሆን፣ ከሐኪም የተጻፈ ሪፖርት እንፈልጋለን አሉ። ሲወጡ ህሊና ሻንጣዬን አልጋው ላይ ከፈተችው።

«አልጠላሁህም» አለችኝ። «ታመህም ከሆነ አስታምምሃለሁ። ግን አላምንህም። እናትህ ጋ ሁን።»

ወደ ብሬብሩክ፣ ልጅ ሆኜ እተኛበት ወደነበረው ክፍል ተመለስኩ። እሑድ እሑድ ህሊና ባለችበት ሁለት ሰዓት ልጄን አያለሁ። ማርያማዊት «ዳዲ፣ ኋይ ዩ ኖት ሆም?» ትለኛለች፤ በአማርኛ ስመልስላት በእንግሊዝኛ ትደግመዋለች። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ያለ ጠባቂ እጇን ይዤ መንገድ መሻገር።

ሪፈራል ተጽፎልኝ የነርቭ ሐኪም ጋ ደረስኩ፤ አራት ወር ወረፋ ጠብቄ። ሁለተኛዋ ሐኪም ያልኳችሁ እሷ ናት። ኤም አር አይ ተነሳሁ፤ ንጹሕ ነው። አሜሪካ ያለው መዝገቤ እንዲመጣ ፈረምኩ። መዝገቡ ሲመጣ ስክሪኗን ወደ እኔ አዞረችው። መነሻ ውጤቴ፣ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ የተፈተንኩት፣ ሁሉም እኩል ለእኩል። እሷም በዕለቱ አጭር ፈተና ሰጥታኝ ነበር፤ እሱም ያው። «የወረደ ነገር አላይም» አለችኝ። ድሮም ቀርፋፋ ነበርክ ማለቷ ነው፤ በትሕትና።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ልጄ ከእጄ ወጥታ፣ ትዳሬ በክር ተንጠልጥሎ፣ እኔ ግን ስለ ካናዳ አሰብኩ። ስለ እናቴም አሰብኩ፤ ያወረደችውን ፎቶ መኝታ ቤቷ ሰቅላው ነበር። አጭበርባሪ መባልን ፈራሁ። አመስግኜ ወጣሁ።

ሪፖርቱ ለህሊናም ደረሳት። ካነበበችው በኋላ ደወለችልኝ። «ምንም የለህም ይላል» አለችኝ። «ስለዚህ ዝም ብለህ ነው የረሳሃት?»

የመጨረሻ ዕድሌ አንዲት የአእምሮ ብቃት የምትለካ ባለሙያ ነበረች፤ ቀኑን ሙሉ በወረቀትና በእርሳስ የምትፈትን። መንዳት ስለተከለከልኩ ያደረሱኝ ጋሼ ታደሰ ናቸው። «ሂዱ፣ ስጨርስ እደውላለሁ» ብላቸው «የት እሄዳለሁ? ቤቴም ብሆን የምቀመጠው ወንበር ላይ ነው» ብለው አብረውኝ ገቡ። መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ መብራቱ እንደሚያመኝ አይተው፣ ሳልጠይቃቸው ኮፍያቸውን አውልቀው ሰጡኝ። በሽተኛ ለሆነ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ምን ያህል እንደሆነ የታመመ ያውቀዋል።

ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ «ጋሼ፣ እኔ ዋሽቼ ነው እዚህ የደረስኩት» አልኳቸው። ስለ ፈተናው ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ።

«እኔ ስንት ዓመቴ ይመስልሃል?» አሉኝ።

«ሰባ? ሰባ አንድ?»

«ወረቀቴ እንደዚያ ይላል። ሰባ ዘጠኝ ነኝ። ሱዳን የስደተኛ ካምፕ ሳለን ወጣቶቹን ቶሎ ወደዚህ አገር ይወስዳሉ ተባለ። ስምንት ዓመት ቀንሼ አስጻፍኩ። የልደት ቀኔንም ሁላችንም እንደምናደርገው ጃንዋሪ አንድ አልኩ። ወሰዱኝ።»

«እና?»

«እናማ፣ እዚህ መጥቼ ሥጋ ፋብሪካ ሠራሁ። ወገቤ አለቀ። ጡረታ ልጠይቅ ስሄድ ገና ስምንት ዓመት ይቀርሃል አሉኝ።» ሳቅ አሉ። «ልንገራቸው ብዬ ደጋግሜ በር ላይ ደርሼ ተመልሻለሁ። ውሸታም ብለው ወደ መጣሁበት የሚሰዱኝ መስሎኝ። ስምንቱን ዓመት በዚያ ወገብ ሠራኋት፤ አንድ በአንድ።»

«አሁንስ ቢነግሯቸው?»

«አሁን ምን ያደርግልኛል? አንተ ግን ልጅህ ገና ሦስት ዓመቷ ነው። ግባና ንገራት።»

ስሜ ተጠራ፤ ገባሁ። ሴትየዋ ወረቀቷን ሳትዘረጋ «መቼ ጀመረህ?» አለችኝ። እኔም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት፤ በሩ ላይ ትከሻዬን የያዘኝን ልጅ፣ ሁለት ቆጥሬ የተጫንኩትን፣ የተቃራኒ ቡድን ወንበር ላይ መቀመጤን። አልተገረመችም። «ዛሬ ግን በሙሉ ኃይልህ ትሠራለህ?» አለች። «በልጄ እምላለሁ» አልኳት።

ስድስት ሰዓት ሠራሁ። ላብ በላብ ሆንኩ። በሕይወቴ ለማንም ጨዋታ እንደዚያ ታግዬ አላውቅም። ታሪክ ታነብልኛለች፣ ቆይታ ትጠይቀኛለች፤ ሰውየው ገበያ መሄዱን አስታውሳለሁ፣ ምን እንደገዛ ጨለማ ነው። ሰዓት ሣል አለችኝ፤ ሣልኩት፣ ቁጥሮቹ በአንድ በኩል ተከማቹ። ስጨርስ ጋሼ ታደሰ እዚያው ወንበር ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጠችልኝ። አንዱ በሃያ አንድ ዓመቴ ሆን ብዬ የወደቅሁት ነው። ሌላው በሠላሳ ዓመቴ በሙሉ ኃይሌ የሠራሁት። ልዩነት የላቸውም ማለት ይቻላል። ያኔ ለማስመሰል የመረጥኩት ሰው አሁን ሆኛለሁ።

ያዳነኝም ያው የድሮ ወረቀት ነው። ዝርዝሩን ከአሜሪካ አስልካ ጥያቄ በጥያቄ አየችው። ልጅ የሚመልሰውን ቀላሉን ስቼ፣ ከባዱን ደግሞ አግኝቼዋለሁ፤ የታመመ አንጎል እንደዚያ አይስትም። «ስታጭበረብርም ጎበዝ አልነበርክም» አለችኝ። ከብዙ ጊዜ በኋላ የሳቅሁት ያን ቀን ነው። ተደጋጋሚ የአንጎል ጉዳት ብላ ጻፈች። እየባሰ የሚሄደው ዓይነት ይሁን አይሁን፣ ያ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ሰው ሞቶ አንጎሉ ሲመረመር ነው አለችኝ። «እንግዲያው አልቸኩልም» አልኳት።

ህሊና አዲሱን ሪፖርት አንብባ ታቅፈኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ነደደች። «ሁለት ዓመት!» አለች። «ሁለት ዓመት ቫይታሚንና መነጽር ስታስገዛኝ፣ ማታ ማታ ምን ሆነብኝ ብዬ ሳለቅስ፣ አንተ ታውቅ ነበር! መታመምህን ይቅር እላለሁ። ማወቅህን ምን ላድርገው?»

ማገገም የምትሉት ነገር ዝግ ያለ ነው። ለራስ ምታቱ መድኃኒት ተገኘ፤ የድብርቱን ኪኒን ቀየሩት። አንዲት ፊዚዮቴራፒስት ዓይኔንና አንገቴን አብረው እንዲዞሩ እንደ ሕፃን ታለማምደኛለች። እንቅልፍ በሰዓቱ፣ ሥራ ግማሽ ቀን፣ ከማሽን የራቀ። የማደርገውን ሁሉ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ለወኪሌ ጨርሻለሁ ብዬ ጻፍኩለት፤ እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም። ቅዳሜ አብረውኝ ይጫወቱ ለነበሩት ልጆችም ሜዳው ድረስ ሄጄ ሁሉንም ተናገርኩ። አንዳንዶቹ ጫማቸውን ያዩ ነበር፤ ምክንያቱም «ቀስ በሉ» ብዬ ያስተማርኳቸው እኔ ራሴ ነኝ። እናንተ ወላጆች፣ ይህን ብቻ ያዙልኝ። ልጃችሁን ሲመታ ምን እንደተሰማው ከመጠየቃችሁ በፊት፣ ሳይመታ የተፈተነውን ፈተና በሙሉ ልቡ ሠርቶት እንደሆነ ጠይቁት። መልሱን ከዓይኑ ታገኙታላችሁ።

የሕፃናት ጥበቃዎቹ ፋይሉን ዘጉት። ውሳኔው የህሊና ሆነ። ወደ ታርኔት ከተመለስኩ ሦስት ወር ሆኖኛል፤ የምተኛው ሌላ ክፍል ነው፣ ከማርያማዊት ጋርም ብቻዬን ሆኜ አላውቅም ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ህሊና ሥራ ተጠራች። ቁልፏን በእጇ ይዛ ብዙ ቆመች።

«እስቲ ሁለት ሰዓት» አለችኝ። «በእግራችሁ እስከ መጫወቻው ሜዳ። ትችላለህ?»

አንድ ዓመት ተኩል የጠበቅሁት ቃል ነው። ማርያማዊት ጫማዋን ራሷ አድርጋ በሩ ላይ «ዳዲ፣ ሌትስ ጎ!» ትላለች። ያን ጠዋት ግን የመስኮቱ ብርሃን ዓይኔን እየወጋኝ ነበር። ቁርስ ላይ አንድ ቃል ጠፍቶኝ ሳል አስመስዬ አልፌው ነበር። ህሊና አላየችም። መደበቅ እችላለሁ፤ ከማንም በላይ የምችለው እሱን ነው። ሁለት ሰዓት ነው፣ ምናልባት ምንም አይሆንም ነበር።

«ዛሬ አልችልም» አልኩ።

«ምን?»

«ዛሬ አሞኛል ህሊና። ከኔ ጋር አትተያት።»

ማርያማዊት ነገሩ ሲገባት መሬት ላይ ተቀምጣ ጮኸች። ጫማዋን አውልቃ ወረወረችብኝ። ህሊና ለአለቃዋ ደውላ መምጣት እንደማትችል ነገረች፤ ሰውየው ሲቆጣ ከስልኩ ውስጥ ይሰማል። ስልኩን ዘግታ ልጅቷን አነሳቻትና እያባበለች ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ይህ ሁሉ ከተጀመረ ወዲህ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም።

«የሚመጣው ቅዳሜ ካንተ ጋር እተዋታለሁ» አለችኝ።